የእናቴ ሦስቱም የደም ሕዋሳት ቀንሰዋል፤ ካንሰር ይሆን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እናቴ 61 ዓመታቸው ነው። ሦስት ወር ሆናቸው፣ ይደክማቸዋል፤ ጥቂት ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሰሞኑን ደግሞ ሳይመቱ እግራቸው ላይ መበለዝ ጀመረ። በደም ምርመራ ሄሞግሎቢን 7.9፣ ነጭ የደም ሕዋስ 2,800፣ ፕላትሌት 68,000 ተገኘ። ኤምሲቪ የሚባለው 116 ነው። ስኳር ስላለባቸው ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመሩ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ሐኪሙ ሦስቱም ስለቀነሱ ከመቅኔ ናሙና መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል አሉን። ካንሰር ነው ማለት ነው? እስከዚያስ የብረት ክኒን ብንጀምርላቸው፣ ደምም ቢሰጣቸው አይሻልም?»

እግዜር ይማራቸው። ከሁሉ በፊት እንቅልፍ የነሳዎትን ልመልስ፦ ሦስቱም የደም ሕዋሳት አብረው መቀነሳቸው በራሱ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ከምክንያቶቹ መካከል ካንሰር አለበት፤ በቫይታሚን መርፌ የሚድንም አለበት። ከጻፉልኝ ቁጥሮች አንዱ ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ይጠቁማል። እሳቸውን ሳላይ ግን «ይህ ነው» ብዬ አልፈርድም። የምችለው፣ እናትዎ እኔ ዘንድ ቢመጡ ነገሩን በምን ቅደም ተከተል እንደምይዘው ማሳየት ነው። ቅደም ተከተሉን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በደም ሕክምና ሥራዬ ካዘንኩባቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የመጡት ናሙና ሳይወሰድ መድኃኒት ከመጀመር ነው።

ደማችን ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሦስት ዓይነት ናቸው። ቀዮቹ ሄሞግሎቢን በሚባለው ፕሮቲናቸው ኦክስጅን ይሸከማሉ፤ ሲያንሱ ድካም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የትንፋሽ ማጠር ይመጣል። ነጮቹ ከኢንፌክሽን ይከላከላሉ። ፕላትሌቶች ደም እንዲረጋ ያደርጋሉ፤ ሲያንሱ መበለዝ፣ ነስር፣ የድድ መድማት ይታያል። ሁሉም የሚመረቱት አጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። የጤናማ ጎልማሳ መቅኔ በየሰከንዱ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ቀይ ሕዋስ ያመርታል። ዕድሜያቸው ግን እኩል አይደለም። ቀዩ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ፕላትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን፤ ከነጮቹ መካከል ባክቴሪያ የሚዋጋው ኒውትሮፊል ደግሞ ደም ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። መቅኔ ዛሬ በድንገት ሥራ ቢያቆም ቀድመው የሚወርዱት ኒውትሮፊልና ፕላትሌት ናቸው፤ ሄሞግሎቢን እስኪወርድ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ደም ሳይፈሳቸው ሄሞግሎቢናቸው 7.9 የደረሰ፣ ግን አሁንም ቆመው የሚሄዱ ሰው ነገሩ የመጣባቸው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰውነታቸውም እየለመደው መጥቷል።

መነሻ እንዲሆንዎት፦ የዓለም ጤና ድርጅት እርጉዝ ባልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን ከ12፣ በወንድ ከ13 በታች ሲሆን ደም ማነስ ይለዋል። ነጭ የደም ሕዋስ በአብዛኛው ከ4,000 እስከ 11,000፣ ፕላትሌት ከ150,000 እስከ 450,000 ይጠበቃል። አንዳንድ ላብራቶሪ ሺውን ትቶ 2.8 ወይም 68 ብሎ ያትማል፤ ያው ነው፣ አይደንግጡ።

የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቁጥሩ እውነት ነው? ማሽኑ የሚቆጥረው ቱቦው ውስጥ ያለውን ነው። ደሙ የተቀዳው ግሉኮስ ወይም ሌላ ፈሳሽ በሚንጠባጠብበት ክንድ ከሆነ ደሙ ይቀጥንና ሦስቱም አብረው የወረዱ ይመስላሉ። ደሙ ቱቦው ውስጥ በትንሹም ቢረጋ ፕላትሌቱ እዚያው ተይዞ ይቀራል። ሌላም አለ፦ ደም እንዳይረጋ ቱቦው ውስጥ የሚደረገው ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል በአንዳንድ ሰው ደም ላይ ፕላትሌቶችን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ማሽኑ የተጣበቀውን ጓል እንደ ፕላትሌት አይቆጥረውም። አንዲት ወጣት ፕላትሌቷ 19,000 ነው ተብሎ ቀዶ ሕክምናዋ ተሰርዞ፣ የመከላከያ ሥርዓትን የሚያረጋጋ የስቴሮይድ ክኒን ተጀምሮላት ወደ እኔ መጣች። ነስር የለባትም፣ ቆዳዋ ላይ አንዲት ነጠብጣብ እንኳ የለም። ደሟን መስታወት ላይ አስቀብቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው ከዳር እስከ ዳር በፕላትሌት ጓል ተሞልቷል። ሲትሬት የሚባል ሌላ ኬሚካል ባለበት ቱቦ እንደገና ሲቀዳ 210,000 ሆነ። ያልነበረ በሽታ ሲታከም ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። የእናትዎ ጉዳይ በዚህ የሚታለፍ አይመስለኝም፤ ምልክቶቹ ከቁጥሮቹ ጋር ይሄዳሉ። ቢሆንም ምርመራው አንድ ጊዜ ይደገም፤ የድሮ የደም ውጤት ካላቸውም ፈልገው ያውጡ። የዛሬ ሁለት ዓመት ኤምሲቪያቸው (የቀይ ሕዋሳቸው አማካይ መጠን) 104 ከነበረ ያቺ ወረቀት ከብዙ አዲስ ምርመራ በላይ ትነግረኛለች።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ይቸኩላል ወይስ ጊዜ አለን? እዚህ ላይ እባክዎ ልብ ይበሉ። ኒውትሮፊል ከ500 በታች ሆኖ ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከደረሰ፣ እስከ ነገ የሚቆይ ነገር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ገብቶ አንቲባዮቲክ በደም ሥር መጀመር አለበት። ፕላትሌት ከ10,000 በታች ሲወርድ ደም ሳይነካ ሊፈስ ይችላል። በተለይ አፍ ውስጥ ደም የቋጠሩ ፊኛዎች ከታዩ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ አይጠበቅም። ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱም እንዲሁ። ቀይ ሕዋሳት ተሰባብረው በመስታወቱ ላይ ከታዩና ፕላትሌት ከወረደ፣ ያም የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ደም የሚረጋበት አደገኛ በሽታ አለ፣ ካልታከመ ይገድላል። በጻፉልኝ ቁጥርና ምልክት እናትዎ ከዚህ ውስጥ ያሉ አይመስለኝም፤ የቀናት እንጂ የወራት ጊዜ ግን የለም።

ስለ ነጭ ሕዋሱ አንድ ሒሳብ ላሳይዎ። 2,800 የሁሉም ዓይነት ነጭ ሕዋስ ድምር ነው። ሥጋቱን የሚወስነው ኒውትሮፊሉ ነው። ውጤቱ ወረቀት ላይ የኒውትሮፊልን መቶኛ ይፈልጉ። 50 በመቶ ከሆነ 2,800 በ0.5 ሲባዛ 1,400 ነው። ከ1,500 በታች ስለሆነ አነስተኛ ይባላል፤ አደጋው የሚከብደው ግን ከ500 በታች ሲሆን ነው። በነገራችን ላይ የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሆነ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። ቀይ ሕዋስ ላይ ዳፊ የሚባል ምልክት ስለሌላቸው የሚመጣ ነው፤ ያው አለመኖሩ ከአንድ የወባ ዓይነት በአብዛኛው ይከላከላቸዋል። መቅኔያቸው ጤነኛ ነው፣ ኢንፌክሽንም አይደጋግማቸውም። ነጭ ሕዋሳቸው ብቻ ዝቅ ብሎ ሌላው ሁሉ ደህና ሲሆን፣ ዓመታት ሲለካም ያው ሲሆን፣ መርፌ ይዞ መቅኔ መውጋት አያስፈልግም። በእናትዎ ግን ሦስቱም ስለወረዱ ይህ ለብቻው አያስረዳንም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ሕዋሳት የሚያንሱት ወይ ስላልተመረቱ ነው፣ ወይ ከተመረቱ በኋላ ስለሚጠፉ ነው፣ ወይ ደግሞ የሆነ ቦታ ታጉረው ስለሚቀሩ ነው። ይህን የሚለይልን ርካሽና ቀላል ምርመራ ሬቲኩሎሳይት ይባላል፤ ከመቅኔ ገና የወጡ ወጣት ቀይ ሕዋሳት ቆጠራ ነው። ሰው ደም ሲያንሰው ጤነኛ መቅኔ ባለው ጉልበት ሁሉ ስለሚያመርት ሬቲኩሎሳይት መብዛት አለበት። ከበዛ ደሙ እየፈሰሰ ወይም እየፈረሰ ነው። ካነሰ ችግሩ ማምረቻው ላይ ነው። አንድ ወጥመድ አለው። ወረቀቱ ላይ 1.5 በመቶ ተብሎ «ኖርማል» ሊታተም ይችላል፤ ምክንያቱም የተለመደው ከ0.5 እስከ 2.5 ነው። ነገር ግን የማን 1.5 በመቶ ነው? ቀይ ሕዋሳቸው ወደ ሁለት ሚሊዮን የወረደ ሰው 1.5 በመቶው 30,000 ገደማ ብቻ ነው፤ መቅኔው በአግባቡ ቢሠራ ግን ከ100,000 በላይ እንጠብቅ ነበር። መቶኛውን አይተው «ደህና ነው» ያሉ ሰዎች ስንት ጊዜ እንዳሳሳቱ አይቻለሁ።

ከሬቲኩሎሳይት ጋር እኩል የማስቀምጠው ስሚሩን ነው። አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ በስሱ ተቀብቶ፣ ተቀልሞ፣ በማይክሮስኮፕ በሰው ዓይን ይነበባል። ማሽን ብዛቱን ይነግረናል፤ መልኩን ግን የሚያየው ሰው ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ የማይፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ የሚዘለለው ስንት ጊዜ ነው! ኒውትሮፊል በተለመደው ጊዜ ኒውክለሱ (የሕዋሱ እምብርት) ሦስት ወይም አራት ቁራጭ አለው። አምስት ቁራጭ ያላቸው ሲበዙ ወይም ስድስት ያለው አንድ እንኳ ሲገኝ፣ ከጎኑ ደግሞ ቀይ ሕዋሳቱ ትልልቅና የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ሲሆኑ፣ የቫይታሚን ቢ12 ወይም የፎሌት (ፎሊክ አሲድም የሚባለው ቫይታሚን) እጥረት ከሩቅ ይጣራል። ያልበሰሉ ብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ከታዩ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ነው የምናስበው። የእንባ ጠብታ የሚመስሉ ቀይ ሕዋሳት ኒውክለስ ካላቸው ቀይ ሕዋሳት ጋር ሲታዩ መቅኔው በጠባሳ ወይም ከሌላ ቦታ በመጣ ካንሰር ተይዞ ሊሆን ይችላል። የወባ ተሐዋሲም የሚታየው እዚሁ መስታወት ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪምዎን «ስሚሩ ታይቷል? ያየው ባለሙያ ምን ጻፈ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ሐኪሙን መዳፈር አይደለም።

ወደ 116 ልመለስ። ኤምሲቪ የአንድ ቀይ ሕዋስ አማካይ መጠን ነው፤ የተለመደው ከ80 እስከ 100 ነው። ከ100 የሚያልፍባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፦ አልኮል፣ የጉበት በሽታ፣ የታይሮይድ ማነስ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ የመቅኔ በሽታዎች። ከ115 ሲያልፍ ግን ሚዛኑ ወደ ቢ12ና ፎሌት እጥረት ያደላል። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ ቢ12 ከአንጀት የሚመጠጠውን መጠን ሊቀንስ እንደሚችል የታወቀ ነው። ከምግብ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሆነ እነዚህን ፈጽሞ የማይበሉ ሰዎችም ይጎድላቸዋል። ሌሎች ደግሞ እየበሉ የሚጎድላቸው አሉ፤ ጨጓራቸው ቢ12ን የሚያጅበውን ፕሮቲን በራሳቸው የመከላከያ ሥርዓት ጥቃት ምክንያት ማምረት ያቆማል፤ ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና የተወገደም እንዲሁ። ጉበት ውስጥ ያለው የቢ12 ክምችት ከ2 እስከ 5 ዓመት ስለሚበቃ ችግሩ ከጀመረ በኋላ ለመታየት ዓመታት ይወስዳል። የፎሌት ክምችት ግን በአራት ወር ገደማ ያልቃል።

ቢ12 ሲጎድል ሕዋሳት ዲኤንኤያቸውን በወቅቱ ማባዛት ያቅታቸዋል። መቅኔው በሕዋስ ይሞላል፤ ግን አብዛኞቹ ሳይወጡ እዚያው ይሞታሉ። ለዚህ ነው ሦስቱም የሚያንሱት። እዚያው የሚፈርሱት ሕዋሳት ኤልዲኤች የሚባለውን ኢንዛይም በጣም ከፍ ያደርጉታል፤ ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ንጥረ ነገርም ይጨምራል፣ ዓይን ትንሽ ቢጫ ይሆናል። ላይ ላዩን ሲታይ ደም ደም ሥር ውስጥ እየፈረሰ ያለ ይመስላል፤ የሬቲኩሎሳይቱ ማነስ ነው እውነቱን የሚያወጣው። ይህ በሽታ ከመቶ ዓመት በፊት ሰው የሚገድል ነበር። ጉበት በማብላት እንደሚድን ያሳዩት ዊፕል፣ ማይኖትና መርፊ በ1934 የኖቤል ሽልማት አገኙበት፤ ቢ12 ራሱ ነጥሮ የወጣው በ1948 ነው።

እዚህ ላይ እናትዎን ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እግራቸው ጣት ላይ መደንዘዝ ወይም ጥጥ የረገጡ የመምሰል ስሜት አለ? ማታ መብራት ሲጠፋ ይንገዳገዳሉ? ምላሳቸው ለስላሳ ቀይ ሆኖ ያቃጥላቸዋል? ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲደነዝዝ ሁሉም «የስኳሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሜትፎርሚን በሚወስድ ሰው ላይ ግን ያው መደንዘዝ የቢ12 ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ፣ የቢ12ው ቶሎ ከተያዘ ይመለሳል፣ ከዘገየ ግን አከርካሪ ውስጥ ያለው ነርቭ ለዘለቄታው ይጎዳል። አንዳንድ ሰው ላይ ነርቩ የሚጎዳው ደሙ ገና ሳይነካ ነው።

ስለዚህ የቢ12 መጠን በደም ይለካ። ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው። በ200ና በ300 መካከል ያለው አጠራጣሪ ነው፤ ያን ጊዜ ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚባል ተጨማሪ ምርመራ ይረዳል፤ ቢ12 ሲጎድል ከፍ ይላል። ቁጥሩ «ደህና» ሆኖ ስሚሩና ነርቩ የእጥረት ምልክት ካሳዩ፣ እኔ የማምነው ሰውየውንና ስሚሩን ነው።

ቀጣዩ ተጠርጣሪ መድኃኒት ነው። እናትዎ የሚወስዱትን ሁሉ፣ ዕፅዋትና ቫይታሚን ሳይቀር፣ በከረጢት ሰብስበው ለሐኪሙ ያሳዩ። የምነግርዎ ያየሁትን ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው አንድ አረጋዊ አፋቸው ሙሉ ቆስሎ፣ ሦስቱም የደም ሕዋሳት ወርደው መጡ። ሁሉም ሰው ስለ ሉኪሚያ ያወራል። ክኒኖቻቸውን አልጋው ላይ ዘርግፌ አንድ በአንድ ሳይ ሜቶትሬክሴት አገኘሁ። ይህ መድኃኒት ለመገጣጠሚያ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። እሳቸው በየጠዋቱ ይወስዱት ነበር፤ የማሸጊያው ጽሑፍ «በሳምንት» ይላል፣ ዓይናቸው ግን አያነብም። የሜቶትሬክሴትን ጉዳት የሚመልሰው ፎሊኒክ አሲድ ተሰጥቷቸው፣ ኢንፌክሽኑ ታክሞ ዳኑ። ከዚህ ሌላ አዛቲዮፕሪን በተለይ ከአሎፑሪኖል ጋር ሲወሰድ፣ ለታይሮይድ የሚሰጠው ካርቢማዞል፣ ካርባማዜፒን፣ ክሎዛፒን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ሊኔዞሊድ፣ ክሎራምፌኒኮልና ብዙዎቹ የካንሰር መድኃኒቶች የደም ሕዋስ ሊቀንሱ ይችላሉ። አንዳንዱ ነጩን ብቻ ይመታል፣ አንዳንዱ ሦስቱንም። አልኮልም መቅኔን በቀጥታ ይጎዳል። መድኃኒት ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሜትፎርሚኑንም ቢሆን። ሐኪሙ ይወስን።

ኢንፌክሽን ሰፊ ነው። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ ሳይመረመሩ ይህ ጉዳይ አይዘጋም፤ ማንንም ለማሳፈር አይደለም፣ ሦስቱም ሕዋስ ለቀነሰበት ሰው ሁሉ የሚደረግ ነው። በደም ውስጥ የተሰራጨ ቲቢ፣ ብሩሴላ፣ ወባ፣ ፓርቮ ቫይረስም አሉ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ባለበት አካባቢ ለኖረ ወይም ለተጓዘ ሰው፣ ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና ትልቅ ጣፊያ ከሦስቱ ሕዋሳት ማነስ ጋር ሲመጣ ካላዛር ሊታሰብ ግድ ነው፤ ብዙ ሰው ለወራት እንደ ደም ካንሰር ሲፈራ ቆይቶ በዚህ ታክሞ ተነሥቷል።

ጣፊያን ካነሣን፦ ጤነኛ ጣፊያ በማንኛውም ጊዜ ከፕላትሌቶች ሲሶ ያህሉን ይይዛል። በጉበት ጠባሳ ምክንያት ሲያብጥ እስከ 90 በመቶ ሊይዝ ይችላል። መቅኔው ያመርታል፣ ጣፊያው ያጉራል። ሆድን በእጅ መዳሰስና አልትራሳውንድ ይህን ያወጣዋል። በራስ መከላከያ ሥርዓት ጥቃት የሚመጡም አሉ፤ ከነሱ ዋናው ሉፐስ ነው፤ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የፊት ሽፍታ፣ ፀሐይ አለመቻል ካለ ይመረመራል።

የቀሩት የራሱ የመቅኔው በሽታዎች ናቸው፤ እርስዎ የፈሩት ያለው እዚህ ነው። ሉኪሚያ ነጭ ሕዋስ ከፍ ብሎ ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ ሦስቱም ወርደው የሚጀምርም አለ። ማይሎዲስፕላዝያ የሚባለው በአብዛኛው ዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ይታያል፤ መቅኔው የተበላሹ ሕዋሳትን ያመርታል፣ ኤምሲቪንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የእናትዎ 116 ወደ ቢ12 ቢያደላም ይህን አይሰርዘውም። አፕላስቲክ አኒሚያ ደግሞ መቅኔው ባዶ ሆኖ በስብ የሚተካበት ነው፤ ፖል ኤርሊሽ በ1888 ነው መጀመሪያ የገለጸው። ካንሰር አይደለም፣ ግን ከባድ ነው፤ ዛሬ በመቅኔ ንቅለ ተከላ ወይም የመከላከያ ሥርዓትን በሚያረጋጋ መድኃኒት ይታከማል።

የመቅኔ ናሙናው መቼ ያስፈልጋል? ብላስት ከታየ ወይም የሚያስደነግጥ ነገር ካለ ዛሬውኑ። ምክንያቱ በደም ምርመራ ካልተገኘም ያስፈልጋል። ቢ12 በግልጽ ዝቅ ብሎ፣ ስሚሩም መስክሮ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ አዘገየዋለሁ፤ መርፌውን ጀምሬ ሕዋሳቱ ሲነሡ አያለሁ። ለዚህ ሌላም ምክንያት አለኝ። በቢ12 እጥረት የተያዘ መቅኔ ያልበሰሉ ትልልቅ ሕዋሳት ስለሚበዙበት ላላወቀ ዓይን ሉኪሚያ ሊመስል ይችላል። የቢ12 ውጤት ሳይታወቅ የተነበበ መቅኔ ሰውን ያለ በሽታው ሊያስፈርድበት ይችላል።

ናሙናው ይወሰድ ከተባለ ግን እንዳይፈሩ። እናትዎ በጎናቸው ይተኛሉ። መርፌው የሚገባው ከወገብ በታች፣ ከኋላ ባለው የዳሌ አጥንት ጉብታ ላይ ነው፤ አከርካሪ አይነካም። ቆዳውና የአጥንቱ ልባስ በማደንዘዣ ይደነዝዛል። ፈሳሹ መቅኔ በሲሪንጅ ሲሳብ ለጥቂት ሰከንድ እግር ድረስ የሚወርድ ስለታም መሳብ ይሰማል፤ ያንን ማደንዘዣው አያጠፋውም፣ እኔም ሁልጊዜ አስቀድሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ያልተነገረው ሰው ይደነግጣል። ቀጥሎ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር የምትሆን ቀጭን የአጥንት ቁራጭ ትወጣለች። ሁሉም በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ፕላትሌት 68,000 መሆኑ አይከለክልም፤ ቦታው ለጥቂት ደቂቃ በደንብ ይጫናል። ፈሳሹ በጥቂት ቀን ይነበባል፤ የአጥንቱ ቁራጭ መጀመሪያ ካልሲየሙ መሟሟት ስላለበት ይዘገያል። መዘግየቱን በክፉ አይተርጉሙት።

ስለ ብረት ክኒኑ፦ አይጀምሩ። ብረት ሲጎድል ቀይ ሕዋሳት ያንሳሉ፣ ኤምሲቪ ይወርዳል፤ የእናትዎ ከፍ ያለ ነው። ከብረቱ የበለጠ የምፈራው ግን ፎሊክ አሲድን ለብቻው መስጠት ነው። ቢ12 በጎደለው ሰው ላይ ፎሊክ አሲድ ደሙን ያሻሽላል፤ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ ነርቩ ግን ከሥር መጎዳቱን ይቀጥላል። ስቴሮይድም ሊምፎማ የሚባለውን የሊምፍ ዕጢ ካንሰርና ሉኪሚያን ለጊዜው ሸፍኖ ምርመራውን ሊያበላሽ ስለሚችል ምክንያቱ ሳይታወቅ አይሰጥ።

ደሙን በተመለከተ፣ ቀስ ብሎ ደም ያነሰው፣ ቆሞ የሚሄድ ሰው በ7.9 የግድ ደም አይሰጠውም። በዕድሜ የገፋ ሰው ልቡ በቀጭን ደም ሲታገል ቆይቶ በድንገት ብዙ ደም ሲገባበት ሊጨናነቅ፣ ሳንባውም ውሃ ሊቋጥር ይችላል። የደረት ሕመም ወይም ተቀምጠው የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ይሰጥ፤ አንድ ከረጢት፣ በዝግታ፣ እየታየ። እና ይህን አደራ እላለሁ፦ ከደሙ በፊት ለስሚር፣ ለሬቲኩሎሳይት፣ ለቢ12፣ ለፎሌት፣ ለኤልዲኤች የሚሆን ናሙና ይቀዳ። የሌላ ሰው ደም ከገባ በኋላ ግማሹን የምናነበው የለጋሹን ነው።

ቢ12 ሆኖ ከተገኘ፣ መርፌው ከተጀመረ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሬቲኩሎሳይት መጨመር ይጀምራል፣ በሳምንት ገደማ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፖታሲየም ሊወርድ ስለሚችል መለካት አለበት። ሄሞግሎቢኑ በሁለት ወር ገደማ ይስተካከላል፤ ነርቩ ግን ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። ሬቲኩሎሳይቱ በሳምንቱ ካልተነሣ ወይ ምክንያቱ ሌላ ነው ወይ ከቢ12ው ጋር ሌላ ነገር ተደርቧል፤ ያን ጊዜ የመቅኔ ናሙናውን እኔም አላዘገየውም።

ነገ ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ የድሮ ውጤቶቹን፣ የመድኃኒት ከረጢቱንና የእግር ጣታቸውን ነገር ይዘው ይሂዱ። ስሚሩ ምን እንዳለና የቢ12 ውጤት ሲመጣ ይጻፉልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።